አባቷ ያስደበቃት ሕመም

«ይሳሉ እንጂ ጋሼ! ትራሱን ደረትዎ ላይ ይቀፉና አንዴ ብቻ» አለች ነርሷ።

አባቷ ትራሱን አቀፈ። ለመሳል አፉን ሲከፍት ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሳሉም ጉሮሮው ላይ ቀረ። ልጅቷ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ካንሰር የያዘው የሳንባው ክፍል ተቆርጦ ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ በደስታ ሲላቀስ እሷን ብቻ ደስታው አልዋጥ ብሏት ነበር።

ለቀዶ ጥገናው ያደነዘዘው የሰመመን ሐኪም ገብቶ አባቷን ትኩር ብሎ አየው። «በእኔ ግምት ይህን ያህል ሊያምዎት አይገባም ነበር። ማስታገሻውን ያዘዝኩት ከቀዶ ጥገናው በፊት የነገሩኝን ይዤ ነው። አሁን እንዴት ነው ሕመሙ?»

«ትንሽ ነው» አለ አባቷ፣ ላብ እያጠመቀው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ!» አለች ነርሷ እየቀለደች። የተናገረችው ለእሱ ነው፤ የወጋው ግን ልጅቷን ነው።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ሐኪም አባቷን ብዙ ጠይቆት ነበር። የቆየ ሕመም አለብዎት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ? «እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው ከቀዶ ጥገና በኋላ የበለጠ ሊያመው ይችላል። ቀድመን ካወቅን እንዘጋጅበታለን» ብሎም ነበር።

«እኔን?» አለ መካኒኩ አባቷ። «ዕድሜዬን መኪና ሥር ተኝቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሕመም እኔን ሲያይ ይሸሻል!»

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። ለዓመታት ለሚያመው ትከሻው ማስታገሻ ክኒን ከፋርማሲ የምታመላልስለት፣ እናቷ ሳታይ የምታሸው እሷ ሆና ሳለ! በጭንቀት ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ እንደሚያነጋም ታውቃለች።

«ይህን ሁሉ ከዘረገፍንላቸው አናክምም ይሉኛል» አላት አባቷ ሲወጡ። «አንቺ ፈታ በይ! የእኔ ወገን አይደለሽ?»

የእሱ ወገን መባሏ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ያ ደስታዋ ያሳፍራታል።

«የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመም ካልገታነው» አለ ሐኪሙ ለነርሷ፣ «አንዳንዱን ሰው ቁስሉ ከዳነም በኋላ ለዓመታት አይለቀውም።» ይህን ብሎ ወጣ። አባቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አያት።

እሷ ግን ተከትላ ወጣች። «ዶክተር!»

«ምነው? የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። እዚሁ ብትነግረው ማስታገሻው ይስተካከላል፤ አባቷም ማን እንደተናገረ ሳያውቅ ይቀራል። ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮው ይጠቃቀሳሉ። ልትጀምር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«አለ» አለች። «ግን እሱ እየሰማ ልንገርዎት።»

ተመልሰው ገቡ። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠችና የአባቷን እጅ ያዘች።

«አባዬ፣ ስለ ትከሻህ ልነግራቸው ነው። እንቅልፍ እንደማይወስድህም።»

 አባቷ እጁን ቀስ አድርጎ ከእጇ አወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

 እሷም ወደ ሐኪሙ ዞራ ከትከሻው ጀመረች።