ከስፌት እስከ ስፌት

ብስክሌቱ የተገኘው መንጌ አጠገብ፣ ወርቅ አጣቢዎች ቆፍረው በተዉት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የፊት ቸርኬው በድንጋይ ተደብድቦ ተጣሟል።

የብስክሌቱ ባለቤት ኢቲዳል ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። አላለቀሰችም። ነገ ጠዋት በዚሁ መንገድ ላይ ወንድና ሴት አብረው የሚነዱበት ውድድር አለ። አንደኛ የወጣ ክልሉን ወክሎ ይሄዳል።

«አሰልጣኙ የክለቡን ባለ ሃያ ዘጠኝ ኢንች ጎማ ንጂ ይሉኛል» አለች። «በእሱ እዚህ ጉድጓድ መሃል አልዞርም።»

ኢንስፔክተር ሸዋነሽ ከአሶሳ እስክትደርስ ሳጅን ደባልቄ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ወንጀለኛው ተይዟል። ኑሃ ነው፤ ብስክሌት ጠጋኙ። የኢቲዳል የገዛ አጎቷ ልጅ።»

«በምን አወቅህ?»

ቀዩን ጭቃ አሳያት። ሁለት የጎማ ዱካዎች ጎን ለጎን ወደ ጉድጓዱ ገብተዋል። የወጣው አንዱ ብቻ ነው። ሰውዬው የራሱን እየነዳ፣ የኢቲዳልን በአንድ እጁ እየገፋ አምጥቶ፣ ጥሎት ተመልሷል። በወጣው ዱካ ላይ የወፍራም ክር ስፌት ታትሟል።

«የተቀደደ ጎማ በጆንያ ክር የሚሰፋ ኑሃ ብቻ ነው» አለ ደባልቄ። «የራሱም ጎማ የተሰፋ ነው።»

«ልብስ ሰፊ የሰፋውን ሱሪ ሁሉ ራሱ ይለብሰዋል?»

ደባልቄ ኮፍያውን አስተካከለ። ሰው ለማሰር ቸኩሎ ነበር፤ ሸዋነሽን የሚያንጨረጭራትም ይኸው ነው።

ኑሃ የወረዳው ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የቤርታ ልጅ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

«ለምን ሰበርከው?»

«እኔ? ወላሂ፣ እኔ አይደለም! ክለብ ትንንሽ ጎማ ሁሉ ጣለ። እኔ ከተጣለው አነሳሁ፣ ለኢቲዳል ሠራሁ። የሠራሁትን እሰብራለሁ?»

«ከኢቲዳል ጋር ትናንት ተጣልታችሁ ነበር።»

«ኢቲዳል ሁልጊዜ ይጣላል» አለ ፈገግ ብሎ። «ትናንት ኮርቻ ዝቅ አለ ብሎ ተጣላ።»

«ጎማ የሰፋህላቸውን ሰዎች ስም ንገረኝ።»

ፈገግታው ጠፋ።

«ኑሃ!»

«አንዳንድ ሰው ያፍራል። አትናገር ይላል። እሺ ብያለሁ።»

«እዚሁ ታስረህ ታድራለሃ!»

«አድራለሁ። ግን የእኔ ጎማ ሃያ ስድስት ኢንች ነው። ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ስፌቱ እንደገና መሬት ይነካል። ከስፌት እስከ ስፌት ለካ።»

ሸዋነሽ አሥራ አራት ዓመት በፖሊስነት ሠርታለች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያ የኑሃን ብስክሌት ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ግቢው ውስጥ ገፍታ ለካች፤ ሁለት ሜትር ከሰባት ሳንቲም። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ተመልሳ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት።

ቀጣዩን ለካች። ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት። አሥር ቦታ ለካች፤ አሥሩም ያው። ሰውዬው ተሰውሬያለሁ ብሎ ሲሮጥ፣ ዝናብ ያራሰው መሬት እግር በእግር ሲመዘግበው ነበር። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት መሬት ረግጣ ስታልፍ አንብባው አታውቅም።

ከባምባሲ የመጣውን ሂርጳን ጠራችው። የኢቲዳል ዋና ተፎካካሪ ነው፤ ብስክሌቷ ቢሰበር የሚጠቀመው እሱ ነው።

«አቦ፣ ለኪው!» አለ፣ ብስክሌቱን ወደ እሷ እየገፋ። «ሃያ ዘጠኝ ነው።»

ሁለት ሜትር ከሃያ ዘጠኝ። እሱም አይደለም።

«ባምባሲ ድንጋይ ላይ እኔ እበልጣታለሁ» አለ ሂርጳ። «ትልቅ ጎማ ድንጋይ አያስጨንቀውም። እዚህ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ብዙ ነው፤ ትንሹ ይሻላል። ይሄን ለኢቲዳል አሰልጣኝ ማን ያስረዳው?»

«የእሱ ጎማ ስንት ነው?»

«ሃያ ሰባት ተኩል። እሱን የሚነዳ ሌላ ሰው አላውቅም። ጎማውም ገበያ ላይ አይገኝም።»

አሰልጣኝ ሙሉጌታ ብስክሌቱን ያረፈበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ጀርባ አቁሞታል። የኋላ ጎማው በጆንያ ክር ተሰፍቷል። ሸዋነሽ ለካችው። ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት።

«በተሰፋ ጎማ መሄድ አፍረህ ኑሃን አትናገር ያልከው አንተ ነህ?»

«ኑሃ ሰርቆ ነድቶት ይሆናላ።»

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ኪሱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። ካቴና ገባለት።

ኑሃ ተፈታ። ቸርኬውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቀ፣ እያላላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቀናው።

በማግስቱ ጠዋት ሸዋነሽ ሙሉጌታን ይዛ ወደ አሶሳ ስትመለስ፣ ከጉድጓዶቹ በላይ መኪናውን አስቆመችና አወረደችው።

ሂርጳ ቀድሞ መጣ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ይዞ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ ዞረ። ኢቲዳል ተከተለች። ከሁለት ጉድጓዶች መሃል፣ የአንድ ሰው እግር ብቻ በምታሳልፍ መተላለፊያ ገብታ፣ ትከሻዋን ጥላ፣ እንደ ውሃ ታጥፋ ወጣች። ሂርጳን አለፈችው። ሸዋነሽ ሳታስበው ሁለት እርምጃ ወደ አፋፉ ቀረበች።

«ፍሬን አልያዘችም» አለ ሙሉጌታ በሹክሹክታ።

ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

«አንተ ነህ የሰበርከው?»

«እኔ ነኝ።» ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ትንሽ ጎማ ጊዜው አልፎበታል ብዬ ሁሉንም ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት እንደዚያ ብዬ አስተማርኩ። ባለፈው ሳምንት በልምምድ በዚያ በተጣለው ቸርኬ ሁሉንም ቀደመቻቸው። ዛሬ በሕዝብ ፊት ብትደግመውስ? ምን እባላለሁ?»

«በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እዚህ ወርደህ መንገዱን አየኸው?»

ሙሉጌታ ኢቲዳል የተሰወረችበትን መታጠፊያ ያያል። ሸዋነሽ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ብዙ የምትለው ነበራት።

«ሁለተኛ ዙር አላት» አለ ሙሉጌታ፣ በሚለምን ድምፅ።

ሸዋነሽ ጉድጓዶቹን አየች። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው።