ቃል የሌለው ሥዕል

ጣሪያ ላይ ኮቴ ተሰማ ሲባል ሌላው በሩን ሲቆልፍ፣ እኔ ባትሪ ይዤ ድመቷን ፍለጋ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ስለ ጂኒና ስለ መንፈስ ሲወራም «ማን አየ? መቼ? የት?» እያልኩ የሰው ጨዋታ የማበላሸው እኔው ነኝ። መምህር ነኝ፣ ነገር በተራ በተራ ሲሄድ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ይህንንም በተራ ነው የምነግራችሁ፣ መጨረሻው አካባቢ ተራው ቢጠፋብኝ ግን አትታዘቡኝ።

ጅቡቲ የመጣሁት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። ያመጡኝ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ አብዶሽ የሚባሉ የሐረር ሰው ናቸው፣ ልጆቻቸውና የዘመድ ልጆች አማርኛ ማንበብ እንዲችሉላቸው ፈልገው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ቁርዓን ቤት ዐረብኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛ ነው ቋንቋቸው፣ አማርኛን የሚያውቁት በጆሯቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን «ሙሴ! ሙሴ!» ሲሉኝ የነቢዩን ስም ያወጡልኝ መስሎኝ ኮርቼ ነበር፣ ለካ ፈረንሳይኛ ነው፣ ወንድ አስተማሪን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሐጂ ከመጋዘናቸው በላይ ያለውን ፎቅ ለሁለት አስከፍለው አንዱን ለማስተማሪያ፣ ሌላውን ለመኖሪያ ሰጡኝ። መሐሉ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፣ በዚያ በኩል እርሳስ ሲወድቅ በዚህ በኩል ይሰማል። ይህችን ያዙልኝ።

የአማርኛ መጽሐፍ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንሳዮች ጥለዋቸው የሚሄዱ መጻሕፍት ከገበያው ጀርባ መሬት ላይ ተዘርግተው ይሸጣሉ፣ ከእነሱ መሐል የድሮ የጀብዱ ታሪኮችን የኮሚክ ሠዓሊዎች እንደ አዲስ በሥዕል የሠሯቸው፣ ጠንካራ ልባስ ያላቸው ትልልቅ እትሞች አሉ። ላላያችሁት ላስረዳ፣ ገጹ በረድፍ ይከፈላል፣ ረድፉ በሳጥን፣ በየሳጥኑ አንድ ሥዕል አለ፣ የሰዎቹ ንግግር ደግሞ ከአፋቸው እንደ ፊኛ ተነፍቶ ይወጣል። አንድ የመርከበኛ ታሪክ ገዛሁና በየፊኛው ላይ ነጭ ወረቀት በኮላ እየለጠፍኩ አማርኛውን በእጄ ጻፍኩበት። ሠዓሊው ባሕሩን ሰማያዊ አልቀባውም፣ በጥቁር መስመር ብቻ ነው የሠራው፣ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ፣ እመኑኝ፣ ትክ ብለው ሲያዩት ይንቀሳቀሳል።

ችግሩ ትንንሾቹ ልጆች ከሁሉ በፊት የለመዱት ቁርዓን ስለሆነ ሥዕሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት። ሰውየው መጀመሪያ ይቆስላል፣ ከዚያ ይተኮስበታል። በየሳጥኑ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቁጥር ጻፍኩና ልጆቹ ተስተካከሉ። ያልተስተካከለችው ነጃት ብቻ ናት።

ነጃት ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ውስጥ ተቀምጣ የምትሠራ የሐረር ገጠር ልጅ ነበረች። ዓርብ ዕረፍቷ ነው፣ ጠዋት የሐጂን ባለቤት ልትጠይቅ ትመጣና ከልጆቹ ኋላ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ስትመጣ ቁርዓን ማንበብ ትችል ነበር፣ የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም ነበር፣ በጥቂት ወር ያዘችው። ስታነብ አንድ ልማድ ነበራት፣ እያንዳንዱን ሥዕል በጥፍሯ ጠቅ ታደርግና ከዚያ ታነበዋለች፣ ቃል የሌለውንም ሥዕል ሳይቀር ጠቅ አድርጋ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየት ብላ ነው የምታልፈው።

አንድ ገጽ ላይ ሁልጊዜ እንጣላለን። ረድፉ ሦስት ሥዕል ነው። በመጀመሪያው ጀልባዋ በጸጥታ ትሄዳለች፣ መርከበኛው «ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ማታ እንደርሳለን» ይላል። በሁለተኛው ማዕበል ይነሳል፣ ጓደኞቹ «ገመዱን ያዝ! አጥብቀህ ያዝ!» ይሉታል። ሦስተኛው ቃል የለውም፣ ሰውየው ባሕሩ ውስጥ ነው፣ የሚታየው ክንዱ ብቻ ነው።

«ነጃት፣ ቁጥሩን ተከተዪ እንጂ።»

«በእኔ በኩል ይሻላል፣ ቲቸር።»

«ታሪኩ ተገለበጠ እኮ!»

«የት ተገለበጠ? ይኸው እየው። ውሃ ውስጥ ነው፣ ገመዱን ያዝ ይሉታል፣ ከዚያ ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ማታ ይደርሳሉ። ምን ጎደለው?» የሐረር ልጅ ስለሆነች አንቱታ የለም፣ ሁሉም ሰው አንተ ነው።

«ቢሆንም አይሞትም» አልኳት፣ «ገጹን ስትገልጪው አሸዋ ላይ ተኝቶ ታገኚዋለሽ።»

«እስኪገለጥስ? እስኪገለጥ ድረስ ውሃ ውስጥ ሊቆይልህ ነው?»

ከሐጂ ልጆች አንዱ «ነጃት ፈሪ!» አላት።

«አንተ ዋና ትችላለህ» አለችው፣ «እኔ አልችልም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺን ዓርብ ጠዋት ሳምንቱን ሙሉ ነበር የምጠብቃት። ጫት አልቅምም፣ ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ጫት የማይቅም ሰው ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት የለውም፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይራቆታል፣ ሰው ሁሉ ከወዳጁ ጋር ተቀምጦ ይቅማል፣ እኔ ጣሪያ እቆጥራለሁ። ከክፍል ወጥታ ስትሄድ «ቲቸር፣ ምሳ አለህ?» ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ያው ሰው ሲጠይቅህ ሰው መሆንህ ትዝ ይልሃል።

ከዚያ ቀረች። አንድ ዓርብ ቀረች፣ በሚቀጥለውም ቀረች፣ ሱቅ ወርጄ ሐጂን ጠየቅኳቸው።

«ያቺ ልጅ ተሻገረች አሉ» አሉኝ ጨርቅ እያጠፉ።

«ወዴት?»

«ወዴት ይሻገራል መምህሬ? በጀልባ ነዋ! የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ባለቤቴ አልቅሳ ለመነቻት፣ ‹ደመወዙ እጥፍ ነው› አለች፣ ሄደች።»

«ደርሳለች?»

ጨርቁን አጥፈው ሲያበቁ እንደገና ዘረጉት። «ስልኳ አይሠራም» አሉ።

እኔም ደወልኩ። በየቀኑ ደወልኩ። አይሠራም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሙቀቱ የበረታበት ወር ነበር፣ ደረቁ ነፋስ አቧራ ይዞ የሚመጣበት፣ ምሳ በልቼ አንሶላ በውሃ ነክሬ ወለሉ ላይ ተጋድሜያለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ይህን አስምሩበት፣ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር፣ ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ነው። መብራት ሄደና ቬንትላተሩ እየተንገዳገደ ቆመ። ቬንትላተር ሲቆም ምን ያህል ድምፅ እንደነበረው ያኔ ነው የሚታወቀው፣ ከተማው በሙሉ የሞተ መሰለኝ።

ከግድግዳው ባሻገር ወንበር ተሳበ። አይጥ ናት አልኩ። ወረቀት ተገለጠ፣ ነፋስ ነው አልኩ፣ የክፍሉን መስኮት ዘግቼ እንደነበር ትዝ እያለኝ። ከዚያ ጠቅ አለ፣ ጥፍር ወረቀት ላይ።

«ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ ማታ እንደርሳለን።»

የእሷ ድምፅ ነው። የሚመስል አላልኳችሁም፣ የእሷ ነው፣ «ጸ»ን እንደ «ሰ» ላላ አድርጋ የምትጠራት ነገር ሳትቀር። ብታምኑኝም ባታምኑኝም መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ መጣች አልኩ፣ ሐጂ ቁልፍ ሰጥተዋት ገባች አልኩ። ልነሳ ስል ሁለተኛው ጠቅ አለ።

«ገመዱን ያዝ! አጥብቀህ ያዝ!»

እዚህ ላይ ነው መነሳቱን የተውኩት። ያስፈራኝ ድምፁ አይደለም፣ ተራው ነው። ነጃት ያንን ረድፍ እንደዚያ አንብባው አታውቅም። እኔ ስጮህባት የከረምኩትን ተራ፣ ቀዩን ቁጥር ተከትላ፣ አንድ ብላ፣ ሁለት ብላ መጣች።

ጠቅ። ሦስተኛው።

ዝም አለ። አዳመጥኩ። እሷም የምታዳምጥ መሰለኝ። ገጹ ይገለጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ ላቤ በአገጬ እየተንጠባጠበ ጠበቅኩ፣ አልተገለጠም። «ቀጥዪ» አልኩ፣ በክፍል እንደምላት፣ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ገልጪው ነጃት! ገልጪውና ቀጥዪ!» ብዬ ስጮህ ታች መንገድ ላይ ውሻ ጮኸ፣ ከግድግዳው ማዶ ግን ምንም።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስከፍት ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወንበሮቹ ዓርብ እንደተውኳቸው ጠረጴዛዎቹ ላይ ተገልብጠዋል፣ መጽሐፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አወጣሁት። ያንን ገጽ ፈልጌ፣ ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ ገለጥኩት፣ ሰውየው አሸዋው ላይ ተኝቷል። የመግሪብ አዛን እስኪወጣ እዚያው ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ለሐጂ ነገርኳቸው፣ ለሌላ ለማን እነግራለሁ?

«ሙቀት ነው መምህሬ» አሉ፣ «ሎሚ በጨው ጠጣ።» ሜትራቸውን አንስተው መለካት ጀመሩና ተዉት። የነጃትና የእኔ ክርክር ቤቱ ሁሉ የሚስቅበት ጨዋታ ነበር። «በየት በኩል ነው ያነበበችው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«በራሷ በኩል» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ።

እስከ ዛሬ ደረሰች ያለኝ የለም፣ አልደረሰችም ያለኝም የለም። ምናልባት ደርሳ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ እኔን ልታስደስተኝ በትክክል ማንበብ ተለማምዳ ይሆናል እላለሁ፣ ይህንን ማብራሪያ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ስለሆነ። ከዚያ ገጽ ላይ ቀዩን ቁጥር ፍቄዋለሁ፣ ከቀኝ የጀመረ ልጅ ካለም አላርመውም። መጽሐፉን ቁም ሳጥን ውስጥ የማስቀምጠው ግን ገልጬ ነው፣ ሰውየው አሸዋ ላይ ያለበትን ገጽ ወደ ላይ አድርጌ። ከዚያ ቆልፌ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፣ ሰባት ሰዓት ሲሆንና ከተማው ሲዘጋ ወለሉ ላይ እጋደማለሁ፣ ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ቬንትላተሩን አጠፋዋለሁ።