አራት ዓመት ባዶ የቆየው ደብተር

ልጄ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። አይናገርም፤ ልብስ በማጠፍ ግን የሚስተካከለው የለም። እጅጌን ከእጅጌ ገጥሞ አንዲት መጨማደድ አያስቀርም። እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል፣ የእጁን አንጓ ይነክሳል። ስለዚህ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ አስገብተን እንቆልፍበት ነበር።

ታላቅ እህቴ «ይሄን የሚያህል ሰውዬ ሲጮህ ሰው ምን ይላል? ቆልፊበትና ተገላገይ» ትለኝ ነበር። ሰማኋት።

ልጄ በሚውልበት ማዕከል የምትሠራ ባለሙያ በሦስት ዓምድ የተሰመረ ደብተር ሰጠችኝ። «እማማ፣ ዝም ብሎ አይነክስም። ከመንከሱ በፊት ምን ነበረ? እሱ ምን አደረገ? ከዚያስ እናንተ? በየቀኑ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

መጻፍ አልችልም ነበር። አፍሬ «እሺ ልጄ» አልኳት። መቆለፋችንንም አልነገርኳትም። ደብተሩን ስትጠይቀኝ «እቤት ረሳሁት» እላለሁ።

«ደብተሩ እንደሆነ እግር የለው፣ እርስዎ ያምጡት እንጂ» ብላ ትስቃለች። አብሬያት እስቃለሁ።

ደብተሩ አራት ዓመት ፍራሼ ሥር ተኛ። የልጄ አንጓ እየቆሰለ እየሻረ፣ ቆዳው እንደ ጫማ ጠነከረ።

ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ለየሁ። ደብተሩን አውጥቼ አሥር ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ለባለሙያዋ እስከ ዘንድሮ መጻፍ አልችል እንደነበር ነግሬ፣ ፊቷ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። «በር ተንኳኳ። አባቱ ቁልፍ አነሣ። ነከሰ። ቆለፍንበት።» በማግስቱም «በር ተንኳኳ። ቁልፍ አነሣሁ። ነከሰ። ቆለፍንበት።» አንድ ቀን ብቻ እንዲህ ይላል፦ «ቁልፉ ጠፋ። ጎረቤት ገባች። ልብስ እያጠፈ ተቀመጠ።»

ወደ ኋላ ተመልሼ «ቁልፍ አነሣሁ። ነከሰ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ልጄ የፈራው እንግዳ አልነበረም።

«መጻፍ አልችልም ቢሉኝ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ እየነገሩኝ እኔ እጽፈው ነበር።»

የዚያኑ ቀን የጓዳውን በር ቁልፍ ሙሉ በሙሉ አስነቀልኩ። እህቴ «ማን ሊችለው ነው?» አለችኝ። «እኔ» አልኳት። አሁን ባለሙያዋ እንዳሳየችን፣ የሚመጣውን ሰው ፎቶ አስቀድመን እናሳየዋለን፤ የሚያጥፈው ልብስም አጠገቡ እናስቀምጣለን። መንከሱ ቀንሷል።

እናቶች፣ የማትችሉትን «አልችልም» ለማለት አትፈሩ። ልጃችሁ ሲጮህም በር ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ከጩኸቱ በፊት የሆነውን አስቡ። እኔ ዘገየሁ። ዛሬም በር ሲንኳኳ ልጄ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ ጓዳ ይገባል፤ በሩን ራሱ ይዘጋል። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ «ና ውጣ ልጄ፣ ቁልፍ የለም» እለዋለሁ። አያምነኝም።