የማዕዶት ዕለት የቀረው እንግዳ

ርሆቦት ከጥዑመ ልሳን ጋር የተዋወቀችው ሻይ ደፍታበት ነው። ወደ ደቅ ደሴት የሚሄደውን ጀልባ ማዕበል ሲመታው ከፔርሙዝ እየቀዳች ነበርና ነጭ ጋቢው ላይ ገለበጠችው። ይቅርታ ስትደረድር እሱ ጋቢውን በሐይቁ ውኃ አለቅልቆ ሥራዋን ጠየቃት።

ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ስለ ሰው አካል አሠራር እንደምታስተምር፣ ደቅ ላይ የተመደቡ ተማሪዎቿን ልታይ እንደምትሄድ ነገረችው። እሱ የደቁ የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ነው፤ ራሱም የዜማ መምህር። ነገሩ ስለጣመው እሷም አብራራችለት፦ እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል በስስ ስብ ተሸፍኗል። ኤሌክትሪክ ያዘለ ጨው ያንን ስብ ሰንጥቆ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ለየጨው ዓይነቱ በር ተሠርቶለታል፤ ጡንቻ የሚታዘዘው በሩ በሥርዓት ሲከፈትና ሲዘጋ ነው።

ጥዑመ ልሳን መዳፉን አገላብጦ አየ።

«በሩ እንቢ ቢልስ?»

«ሰውየው መንቀሳቀስ ያቅተዋል።»

ከዚያ በኋላ እስኪወርዱ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ቅር ያሰኘችው መሰላት። በሳምንቱ ግን ባሕር ዳር ድረስ ፈልጎ መጣ፤ ከዚያም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሐይቁ ዳር መገናኘት ልማዳቸው ሆነ። ዓመት ሳይሞላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ከወላጆቿ ጋር ምሳ ሊበላ ቃል ገባ።

አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። አባቷ አቶ ብሩክ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ጠበቁ፤ እናቷ የተከደነውን ወጥ አነሱት። ርሆቦት የካህናት ልጅ ስለሆነ እሷን የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ብሎ ንቆ የተዋት መሰላት።

ማክሰኞ ማለዳ በጀልባ ተሳፈረች፤ ፊት ለፊት ልትነግረው። የምትለውን ሦስት ሰዓት ሙሉ ስታሰላስል ደረሰች።

ጥዑመ ልሳን በአባቱ ቤት አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኑ ያያል፣ አፉ ይናገራል፤ እጅና እግሩ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ወድቋል። መሪጌታ የጠበል ዕቃ ይዘው ከራስጌው ቆመዋል። ትልቅ በዓል ባለፈ ቁጥር እንዲህ እንደሚጥለው፣ ሟች አጎቱንም እንዲሁ ያደርገው እንደነበር፣ አገሩ ሁሉ እርግማን እንደሚለው ነገሯት።

«ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ ጥዑመ ልሳን። «አሁንም ሂጂ።»

ያሰላሰለችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። እሑድ ምን እንደበላ ጠየቀችው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ድፎ ዳቦ፣ ማር፣ ጠላ... ከመጽሐፍ ስታስተምረው የኖረችው ሕመም፣ በሰው ላይ አይታው የማታውቀው፣ እፊቷ ተኝቷል። የዳቦው ስኳር ፖታሺየም የሚባለውን ጨው ከደሙ ወደ ጡንቻው ሲነዳው፣ ከተወለደ ጀምሮ የተበላሸው በር ጡንቻውን ያደነዝዘዋል።

«እርግማን አይደለም፣ ጥዑሜ። በሩ ነው።» ወደ አባቱ ዞረች። «አባባ፣ ጠበሉን አይተዉት፤ ግን ሐኪም ይየው።»

መሪጌታ የጠበሉን ዕቃ ከራስጌው አስቀመጡ። «ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ እጅ ነው» አሉና ቃሬዛ አስመጥተው ጫፉን ራሳቸው ያዙ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ደሙ ሲመረመር ፖታሺየሙ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሟ ልቡን በመሣሪያ እየተከታተለች፣ በውኃ የተበጠበጠ መድኃኒት ጥቂት በጥቂት አስጠጣችው። አሥር ሰዓት ሲሆን አውራ ጣቱ ተነቃነቀ። ቀጥሎ አንጓው። ቀጥሎ ክንዱ ከአንሶላው ላይ ተነሣ።

ርሆቦት ያንን በር በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥላዋለች! ዛሬ ግን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ዓይን የማያየው ጨው ቦታው ሲመለስ የሰው እጅ ተነሥቶ ጉንጯን ነካት።

«ዕፁብ ነው» አለ እሱ ቀስ ብሎ። ሁለቱም አለቀሱ።

በሳምንቱ ሁሉንም ነገረችው፤ ምግቡን መምረጥ፣ መድኃኒቱን መውሰድ እንዳለበት፣ ለሚወልዱት ልጅም ከሁለት አንድ ዕድል ሊተላለፍ እንደሚችል።

«እንዲያም ሆኖ ታገቢኛለሽ?»

«እንዲያም ሆኖ። ግን ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ።»

በጥር ደቅ ላይ ተጋቡ። በሠርጉ ማግስት ጠዋት ርሆቦት ስትነቃ አጠገቧ ማንም የለም። ደንግጣ ወደ ውጭ ሮጠች። ጥዑመ ልሳን ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያዜማል። መሪጌታ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከድግስ ማግስት ያልከዳውን የልጃቸውን እግር ያያሉ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

ርሆቦት ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ገባች።