ማንም ያልሰማው መጨረሻ

ወልደአማኑኤል የሞተው ሄድፎኑን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ነበር። ኢንስፔክተር ለተሥላሴ የጅጅጋ ነፋስ ነጠላዋን እየቀማት ስቱዲዮው ስትደርስ፣ አዛዡ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«የጄኔሬተር ጭስ ነው። ያስነሣው ቫዮሊን ተጫዋቹ ጁነይድ ነው። ካቴና አግብቼለታለሁ፤ ፋይሉን ዝጊ።»

ደሟ ፈላ። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚታሰረው ገመድ የሚጎትተው ተራ ሠራተኛ ነው፤ ስሙ ፖስተር ላይ ላለው ግን ወንበር ይሳብለታል!

«ሳልጨርስ አይዘጋም» አለች።

ሟቹ የቀድሞ ጦር ባንድ መለከት ነፊ ነበር። ኤረር በረሃ ላይ ለሚቀረጹት «የሰማይ ግመሎች» ለተባሉ ፊልሞች፣ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን በመንኮራኩር ወደ ማርስ ለሚያሻግሩበት ተከታታይ ታሪክ፣ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ይደርስ ነበር። ኦርኬስትራ የሚባለውም እሱና ጁነይድ ናቸው፤ እየደጋገሙ ቀርጸው ይደራርቡታል። የሞተው የሦስተኛውን ፊልም መጨረሻ ሲሠራ ነው።

ክፍሉ በስፖንጅ ታፍኗል። ከበሩ ግርጌ ግን ስፖንጁ ተገንጥሏል። ጄኔሬተሩ እዚያው ኮሪደሩ ውስጥ፣ የጭስ ማውጫ አፉን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል።

«እዚህ ነው ያስቀመጥከው?» አለችው ጁነይድን።

«ከግቢው ጀርባ ነበር! ድምፁ ማይክ ውስጥ ከገባ ጋሼ ወልዴ መች ያኖሩኛል? አስነሥቼላቸው ጫት ልገዛ ወጣሁ።»

«መጨረሻውን ሰምተኸዋል?»

«ሳያልቅ ለማንም አያሰሙም።»

ዘፋኟ ዑባህ ዓይኗ አብጧል። «ስፒከሮቹ የኔ ናቸው፤ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ይቆማሉ። ያን ቀን ጠዋት ለሠርግ ቀብሪበያ ወሰድኳቸው። ወላሂ፣ እሱ ሲሞት እኔ ሰው አስጨፍር ነበር!»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከዳይሬክተሩ ከወንደሰን ነዋ! ሁለቱንም ፊልም ‹ሙዚቃ፦ ወንደሰን› ብሎ ለጠፈ። ወልዴ ዘንድሮ ‹ስሜ ካልተጻፈ አንድ ኖታ አያገኝም› ብሎ ማለ።»

ዳይሬክተሩ ወንደሰን ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ከሰዓት መጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ደህና ነበር፤ ኦርኬስትራው እስከ ውጭ ያስተጋባል። መለከቱ እንዲህ ብሎ ሲወጣ…» አንጎራጎረ፤ ሳያስበው እጁም ጨፈረ። «ላልረብሸው ተመለስኩ።»

«ምናልባት ቀደም ብሎ አዚሞልዎት ይሆናል?»

«ኧረ! ከተኳረፍን ወር አለፈን። የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ከውጭ።»

በማግስቱ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዑባህ ስፒከሮቿን መልሳለች። ለተሥላሴ ኮምፒውተሩን ከፈተች። መለከቱ ወጣ፤ ወንደሰን ያንጎራጎረው ዜማ ነበር፣ አንድም ሳይዛነፍ።

«አቶ ወንደሰን በደንብ ሰምተዋል» አለች። «ጥያቄው በምን ነው። ስፒከሮቹ ቀብሪበያ ነበሩ፤ መለከቱም የተቀረጸው ከዚያ በፊት መሆኑን ኮምፒውተሩ ይላል። ያን ቀን ይህ ዜማ ከሄድፎኑ በቀር የትም አልተሰማም።»

መነጽሩን አወለቀ። «ምናልባት… ግድግዳው…»

«የስፖንጅ ግድግዳ አይዘፍንም!» እርስዎ ማለቷን ተወች። «ገባህ። ምስኪኑ ኩርፊያውን ረስቶ ሄድፎኑን ጆሮህ ላይ አደረገልህ። ስሙን ግን አልለቅም አለህ። መልሶ ሥራው ውስጥ ሲሰምጥ ወጣህ፤ ጄኔሬተሩን ጎትተህ በሩ ላይ አቆምክ፣ ስፖንጁን ገነጠልክ። ጆሮው ተደፍኗል፣ አልሰማህም። ከዚያ ‹ስሄድ ሕያው ነበር› ለማለት ሙዚቃ መስማት ነበረብህ። ሌላ ጊዜ ያለቀ ሥራውን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚሰማው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ስፒከር መኖሩን አልተጠራጠርክም።»

«ያለ እኔ ማን ያውቀው ነበር?» ሲል ጮኸ ወንደሰን። «ማን ነበር እሱ?»

«ይህን የሠራው ሰው!» አለች ዑባህ ስፒከሩን በጥፊ እየመታች።

ሙዚቃው አላለቀም ነበር። መለከቱ ዝም ሲል ባዶ ከበሮ ብቻ ቀጠለ፤ እየጠበቀ።

«ይህ የቫዮሊን ቦታ ነው» አለ ጁነይድ። «ለኔ የተዉልኝ።»

ለተሥላሴ ወደ አዛዡ ዞረች። «ካቴናውን ይፍቱለት። በታሰረ እጅ ቫዮሊን አይመታም።»