«ቦታ የለም» ያለው እጅ

ሱኒቫ እጇን አነሳች። መዳፏ ከመኪናው መስታወት ፊት ተዘረጋ። በመርከብ ሠራተኛ ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቁም፣ ቦታ የለም።

መስታወቱ ወረደ።

«ሱኒቫ... አንቺ ነሽ?»

ድምፁን አወቀችው። ቶርሌይፍ! ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ብቅ ብቅ ብሏል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው፣ ያ የሚያሳስቅ፣ ያ የሚያስለቅስ። የመንገድ ሥራ ጃኬት ለብሷል።

«መርከቧ ሞልታለች» አለችው።

«ከኋላሽ ግማሹ ወለል ባዶ ነው እኮ!»

«ለሌላ ሰው ባዶ ነው። ለአንተ ሞልቷል።»

ቁልፉን ተጫነችው፤ መወጣጫው ተነሳ። መርከቧ ከየብሱ መሳፈሪያ፣ ከስቶርቪክ፣ ስትርቅ ቶርሌይፍ ከመኪናው ወርዶ፣ ዝናብ እየመታው፣ አፉን ከፍቶ ሲያያት ቆየ። ሱኒቫ ዘወር ብላ አላየችውም። አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጣ።

የምትፈርዱባት ከሆነ መጀመሪያ ነገሩን ስሙ።

ሱኒቫ የሊንጎይ ደሴት ልጅ ናት። ቶርሌይፍ ከማዶ፣ ከየብሱ ነው። የተዋወቁትም በዚያችው መኪና አሻጋሪ መርከብ ላይ ነው፤ ተዋደዱ፣ ቀለበት አሰሩ። የሠርጋቸው ቀን ሱኒቫ የአገሯን ልብስ ለብሳ፣ የእናቷን የብር ጌጥ ደረቷ ላይ ደርድራ በደሴቷ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠች። ሙሽራው ዘመዶቹን በሁለት መኪና ጭኖ በቀትሩ መርከብ ሊመጣ ነው። አባቷ ሃልቫርድ ያኔ የመርከቧ ወለል ሠራተኛ ነበር። «ሙሽራውን ማንም አያመጣውም፣ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ» ብሎ የሠርግ ልብሱ ላይ የሥራ ካፖርቱን ደርቦ ሄደ።

ብቻውን ተመለሰ።

«አልመጣም፣ ልጄ» አላት። «መሳፈሪያውን ዞሬ ዞሬ አየሁት። እሱም የለም፣ ዘመዶቹም የሉም።»

ያን ጊዜ ሱኒቫ ምን አደረገች? ስልኳን ወደ ባሕር ወረወረችው። እንግዶቹ ኬኩን በልተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እሷም አባቷ ጡረታ ሲወጣ ካፖርቱን ለብሳ ቦታውን ያዘች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሱኒቫም አንድም ቀን አልረሳችም።

አሁን ያ ሰው ተመልሶ መጥቷል። ለዚያውም ምን ሆኖ? ሊንጎይን ከየብሱ የሚያገናኘው ድልድይ ዋና መሐንዲስ ሆኖ! ድልድዩ ሲከፈት መርከቧ ትቆማለች፣ የሱኒቫም ሥራ አብሮ።

«ልቤን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ እንጀራዬን ሊወስድ መጣ» አለች ለራሷ። «ቆይ! አሳየዋለሁ።»

አሳየችውም። በማግስቱ ቶርሌይፍ ማልዶ መጥቶ ከሰልፉ ፊት ቆመ። ሱኒቫ ከኋላው ያሉትን በሌላው መስመር አስገብታ እሱን ተወችው። ወለሉ ላይ የሚገባውንና የሚቀረውን የምትለየው የእሷ እጅ ናት፤ ካፒቴኑ እንኳ አይናገራትም። በሌላው ቀን ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ ተደብቆ ሊገባ ሞከረ። አወጣችው። ደሴተኞቹ ነገሩን እንደ ድራማ ያዩት ጀመር፤ በመኪናቸው ውስጥ ሆነው ጡሩምባ ይነፉለታል።

ሽማግሌው ካፒቴን ኦስሙንድ በድምፅ ማጉያ ይጠይቃል፤ «ሱኒቫ፣ ዛሬም ሞልተናል?»

«ጢም ብለናል፣ ካፒቴን!»

ቶርሌይፍ አልተቆጣም። ይሄ ነው ያበሸቃት። በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ይቀራል፣ በየቀኑ በመስታወቱ ያያታል።

አንድ ቀን ግን መኪናውን መሳፈሪያው ጥግ አቁሞ በእግሩ መጣ። እግረኛን ደግሞ መከልከል አትችልም። ጎኗን አልፎ ደረጃውን ወጣ። ሱኒቫ መወጣጫውን ዘግታ ተከተለችው። በመርከቧ ቡና ቤት ውስጥ፣ ያንን ለሁለት የሚታጠፍ፣ በውስጡ ቡናማ አይብ ያለበት የመርከብ ቂጣ ገዝቶ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

«መኪናህን ምን አደረግከው?»

«መኪናዬን እንጂ እግሬን አትከለክይኝም።»

«አንተ ሰውዬ፣ መሥሪያ ቤትህ ሞተር ጀልባ የለውም? ለምን እሱን አትሳፈርም?»

«አለው» አለ ቶርሌይፍ። «እሱ ግን ከአንቺ ጋር አያገናኘኝም።»

ሱኒቫ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ደሟ ፈላ።

«አሁን ነው እግር ያወጣኸው? ያን ቀን እግር አልነበረህም? ሰው ሁሉ ፊት ተጎልቼ ስጠብቅህ እግርህ የት ነበር?»

ቶርሌይፍ ቂጣውን አስቀመጠ።

«የት ነበር ትይኛለሽ? መሳፈሪያው ላይ! እኔ፣ እናቴ፣ ዘመዶቼ... በሁለት መኪና። አባትሽ መጣ። እጁን አነሳብን። ወለሉ ባዶ ነበር፣ ሱኒቫ! ባዶ!»

«ትዋሻለህ።»

«ባዶ ወለል ይዞ ሙሽራን ማስቀረት ምን ማለት እንደሆነ የዚህ ባሕር ሰው ሁሉ ያውቃል። ምን ማለት ነው?»

ሱኒቫ መልሱን ታውቃለች። በሊንጎይ «ልጃችንን አንሰጥም» በአፍ አይባልም፤ ነውር ነው። የልጅቷ ቤት ለመርከቧ ሠራተኛ ይነግራል፤ ሠራተኛው እጁን ያነሳል፤ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ማንም አያነሳም።

«እምቢ ያልሽው አንቺ መስሎኝ ነበር» አለ ቶርሌይፍ። «ደወልኩ። ስልክሽ ዝግ ነው። ምን ልበል?»

ሱኒቫ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ የካፒቴኑ ክፍል ገባች።

«ካፒቴን! የሠርጌ ቀን መርከቧን የነዱት እርስዎ ነዎት። አባቴ እሱን አስቀርቶታል?»

ኦስሙንድ መሪውን ይዞ ወደ ባሕሩ ያይ ጀመር።

«የእናንተ ቤት ውሳኔ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ... በሰው ቤት እምቢታ እኔ ምን አገባኝ? አንቺን ደግሞ ምን ብዬ ላንሳብሽ?»

ከሥራ ወጥታ ቤት ስትገባ ሃልቫርድ ድንች እየላጠ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን ወለሉ ላይ ቦታ ነበረ?»

ቢላዋው ቆመ። «ሞልቶ ነበር።»

«አልመጣም አልነበር ያልከኝ? አሁን ሞላ?»

ሽማግሌው ቀና አላለም። «እናትሽ በዚያ መርከብ ሆስፒታል ሄዳ ቀረች። አንቺንም ያ ልጅ ይዞሽ ሊሄድ ነበር። እኔው በገዛ እጄ አሳፍሬ ልሸኝሽ? አልቻልኩም... አልቻልኩም፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ!» ብላ ጮኸች። «ለእኔ አዝነህ ባለቀስክ ቁጥር እኔ አንተን አባብል ነበር! እኔ!»

በሩን ወርውራው ወጣች።

በማግስቱ ቶርሌይፍ በመኪናው መጣ። ሱኒቫ መስታወቱ ጋ ሄደች። ዓይኗ አብጧል።

«እውነትህን ነው» አለችው።

«ሱኒቫዬ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! አንተም ከጥፋቱ ነጻ አይደለህም። ያን ቀን መኪናህን ጥለህ በእግርህ ገብተህ፣ ፊቴ ቆመህ፣ ‹እምቢ አልሽ ወይ?› ማለት ትችል ነበር። ኩራትህ በለጠብህ።»

«በለጠብኝ። ከዚያ ደግሞ ማልኩ። የማንም እጅ ሰው የማያስቀርበት መንገድ እሠራለሁ፣ የሃልቫርድን መርከብ ከባሕር አስወጣለሁ አልኩ። ድልድዩን ለአገር ነው የሠራሁት ብልሽ እዋሻለሁ። ለቂሜ ነው።»

ሱኒቫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«አንተ በብረትና በሲሚንቶ፣ እኔ በእጄ! ምን ዓይነት ሰዎች ነን?»

«እንግዲህ አሁን ልግባ?»

«ይቅር ብዬሃለሁ። እወድሃለሁም። ዛሬ ግን አትገባም።»

«ምነው?!»

«ዛሬ የምርም ሞልተናል።»

ድልድዩ በበጋ ተከፈተ። ሰው ባንዲራ እያውለበለበ ተሻገረ፤ መርከቧም ለመጨረሻ ጊዜ ጡሩምባዋን ነፍታ ሄደች። ሃልቫርድ ግን ከቤቱ አልወጣም። «ያንን ነገር በሕይወት እያለሁ አልረግጠውም» ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል።

ሱኒቫም ሠርጓን ማዶ፣ በስቶርቪክ ቤተ ክርስቲያን አደረገችው። ለአባቷ በካፒቴን ኦስሙንድ በኩል ላከችበት፤ «መኪና አይመጣልህም። መርከብም የለም። የምትመጣ ከሆነ በእግርህ፣ እሱ በሠራው ድልድይ ላይ ተሻግረህ ና። መጥተህም ያደረግከውን ሰው ፊት ትናገራለህ። ያለዚያ አባት የለኝም።»

ቶርሌይፍ ለመናት። «ተይው፣ የኔ ፍቅር። ሽማግሌ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እንደዚህ ሆነሽ ቤተ ክርስቲያን ትገቢያለሽ?»

«አንተ ዝም በል! አንተ ቂምህን በምሰሶ አቁመህ ጨርሰሃል። እኔ ገና ነኝ።»

የሠርጉ ቀን ነፋስና ካፊያ ነበረ። ደወሉ ተደወለ። ቄሱ በር ላይ ብቅ ብለው «እንግባ፣ ልጆች» አሉ። ሱኒቫ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ ዓይኗን ከድልድዩ አልነቀለችም። አይመጣም፤ ባይመጣ ይሻላል፣ ዕድሜ ልኬን እጠላዋለሁ ስትል ለራሷ ተናገረች። እጇ ግን ቶርሌይፍን አጥብቆ ይዞት ነበር።

«ያ ማነው?» አለች የቶርሌይፍ እናት።

ድልድዩ ከፍ ብሎ በሚታጠፍበት ላይ አንድ ሰው ብቅ አለ። ነፋሱ ወደ ጎን ይገፋዋል። ብረቱን ይዞ ይቆማል፤ ደግሞ ይራመዳል። መኪኖች እያቆሙ ግባ ይሉታል፤ በእጁ እለፉ እለፉ ይላቸዋል።

ሃልቫርድ ሲደርስ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «ልጄ...» አለ።

«ለእኔ አይደለም» አለችው ሱኒቫ። «ለእነሱ ንገራቸው።»

ሽማግሌው ወደ ቶርሌይፍና ወደ እናቱ ዞረ። እንግዶቹም ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ያን ቀን... ቦታ ነበረ። ከነመኪናችሁ፣ ከነዘመዶቻችሁ የሚበቃ ቦታ ነበረ። ልጄ እምቢ አላለችም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሸኋችሁ፣ እሷንም ዋሸኋት።»

የቶርሌይፍ እናት ዝም ማለት አልቻለችም። «በዝናብ ቆመን ነበር እኮ! እኔ ኬክ ታቅፌ!»

«አይቻለሁ» አለ ሃልቫርድ። «ኬኩን አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ሱኒቫ ይህችን ቀን ስንት ጊዜ አልማታለች! ሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ፣ እሷ ቀና ብላ ስታየው። አሁን ግን ያየችው የረጠበ ጫማውን ነው፤ እንባዋም ሳትጠራው መጣ።

«እዚህ ማዶ ነው የምንኖረው» አለችው። «ሊንጎይ አልመለስም።»

«አውቃለሁ።»

«እሁድ እሁድ እየመጣህ ምሳ ትበላለህ። በእግርህ።»

ሃልቫርድ ወደ ድልድዩ ዞሮ አየ። «በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ!»

«በክረምትም?»

ሱኒቫ ቶርሌይፍን አየችው። እሱ አንገቱን ነቀነቀ፤ ተይው በሚል ዓይን።

«በክረምት» አለች ሱኒቫ፣ «ባሌ በመኪና ያመጣሃል። አጠገቡ ተቀምጠህ።»

ሽማግሌው ክንዱን ዘረጋላት። ሱኒቫ ጥቂት አስጠበቀችው፤ ከዚያ ያዘችውና ገቡ።