ሽባባው ሊቆርጠው የሄደው ዋንዛ

ቀረብ ቀረብ በሉ። በሩንም ዝጉት። የማወራችሁ በጣም ድሮ ስለሆነ ነገር ነው፤ ቢሆንም በሩን ዝጉት።

መንደሩ ሁሉ ተኝቷል፤ ጨረቃም አልወጣችም። ሽባባው የሚባል ሰው መጥረቢያውን ይዞ ሐይቁ መካከል ወዳለው ደሴት በታንኳ ተሻገረ። ከዚያ በደሴቱ ቀጭን መንገድ ብቻውን ሄደ። ሰው እንዲህ ባለ ጨለማ ብቻውን ይሄዳል? ሽባባው ሄደ።

ለምን ሄደ? ልጁን ይታይሽን እሁድ ሊድር ነው። ለአማቾቹ ባለ አርባ ምሰሶ ዳስ እጥላለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተናግሯል። በመንደሩ ግን ዛፍ የሚባል የለም፤ ራሳቸው ቆርጠው ጨርሰውታል። ዛፍ የቀረው ደሴቱ ላይ ብቻ ነው። ደሴቱ ደግሞ የግራዝማች አብተው ርስት ነበር። ግራዝማች በሕይወት ሳሉ እዚያ ቅጠል የሚበጥስ፣ የወፍ እንቁላል የሚነካ ሰው ወዮለት። አሁን ግን ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽባባው የሞተ ሰው ምን ያደርገኛል አለ። እንዲህ ይባላል? በጨለማ?

ከትልቁ ዋንዛ ሥር ደረሰ። ትንፋሹን ሊሰበስብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ከጫካው ውስጥ ሳል ተሰማ። ጦጣ ነው አለ።

ከዘራ መሬት ሲመታ ተሰማ፤ ቋ፣ ቋ። ጦጣ ከዘራ ይይዛል? አይይዝም። ሽባባው ግን አሁንም ጦጣ ነው አለ።

ከዚያ ነጭ ጋቢ መጣ። ከጋቢው በላይ የግራዝማች ጢም አለ። ከጋቢው በታች እግር የለም።

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር። ሽባባው ግን ተቀጥቶ ያደገ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ማየት አይሆንለትም። ብድግ አለና «ኖር» አለ።

«በእግዜር፤ ተቀመጥ» አሉት ግራዝማች።

ተቀመጠ። እዚህ ላይ ነው የተያዘው።

መጥረቢያው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። የሠርጉንም የዳሱንም ነገር ነገራቸው። ግራዝማች አልተቆጡም። ሠርግ ደግ ነገር ነው፣ ቁረጥ አሉት።

«ብቻ ቤታቸውን ልታፈርስባቸው ነውና፣ አስቀድመህ ከቤተኞቹ ጋር ተዋወቅ።»

ከዘራቸውን አነሡ። ከዋንዛው ላይ ጉሬዛ ልጇን ታቅፋ ወረደች። ሽባባው አፉን ከፍቶ አያት። ግራዝማችም ለእመጫት አትነሣም ወይ አሉት። ብድግ አለ፤ ኖር አለ፤ ተቀመጠ። ጉጉት መጣች፤ ብድግ። እንሽላሊት መጣ፤ ብድግ። ቀንድ አውጣ መጣች። ቀንድ አውጣዋማ አጠገቡ እስክትደርስ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ ጉንዳኖቹ መጡ፤ ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ። በአንድ ዋንዛ ላይ ስንት ጉንዳን እንዳለ ታውቃላችሁ? ሽባባው ያውቃል።

ሊነጋጋ ሲል ጉልበቱ ከዳው። መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

«ጌታዬ፣ ይቅርብኝ፤ አልቆርጥም። ግን እሁድ እንግዳው ሲመጣ ምን ልሁን? በልጄ ፊት ማፈሬ ነው።»

ግራዝማች በከዘራቸው ወደ ዋንዛው አመለከቱ።

«የፈለግኸው ጥላ አይደል? ጥላውማ ይኸው ቆሟል። ሠርገኛውን ወደዚህ አምጣው» አሉና ከነጋቢያቸው ጠፉ።

እሁድ ሠርገኛው በታንኳ ተሻገረ። በዋንዛው ጥላ ሥር ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። እንዲህ ያለ ሰፊ ዳስ አይተን አናውቅም ተባለ። ይታይሽ አባቷን ጉልበቱን ስትስም ጉልበቱ ገና ያመው ነበር፤ ደስታው ግን ሌላ ነው።

ታዲያ የሙሽራው አባት ጠግበው ተነሡ። መፋቂያ አማራቸው። ከዋንዛው ጀርባ ወዳለው ወይራ ብቻቸውን ሄዱ፤ ቢላም መዘዙ። ሽባባው አያቸው። ተዉ ሊላቸው ፈለገ፤ ግን ትልቅ ቁራጭ ሥጋ ጎርሶ ነበር፣ ቶሎ አልወረደለትም። ሰውየው አንዷን ቅርንጫፍ ጨብጠው ያዙ።

ቅርንጫፏም እጃቸውን መልሳ ያዘቻቸው።